መሬቱ የአምላክ ነው ሲባል፣ ባዩ ማን ነው?

በሃርኒ ካውንቲ አውራ ጎዳና ላይ በሌሊት ጥቁር ላም ገጭተህ ብትገድል፣ ላሚቱ መንገድ ላይ ምን ትሠራለች ብለህ ባለቤቷን መክሰስ አትችልም። እንዲያውም የላሚቱ ዋጋ ወደ አንተ ሊዞር ይችላል። አብዛኛው አገር «ኦፕን ሬንጅ» ነው፤ ከብቱ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ አጥር የሚያጥረው ከብት እንዳይገባበት የሚፈልግ ሰው ነው። ይህን የነገረኝ ከእኔ በፊት የጭነት መስመሩን ይሠራ የነበረ የደሴ ልጅ ነው። «እዚያ ስትደርስ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ ወንድሜ፤ እዚያ ባላገሯ ላሚቱ ናት፣ አንተ መጤ ነህ» አለኝ። ተሳሳቅን፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ባላገር ማን ነው፣ መጤስ ማን ነው? ሣር ማንም ያልዘራው፣ ሰማይ የሚያበቅለው ነገር ነው፤ በምን መንገድ ነው የሰው የሚሆነው?

እኔ የመንዝ ጌራ ምድር ልጅ ነኝ። በልጅነቴ በግ ጠብቄያለሁ፣ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ድቁናም ተቀብያለሁ። አሁን የምኖረው ፖርትላንድ ነው፤ ሥራዬ ፍላትቤድ የሚሉትን ጎን የሌለው የጭነት መኪና መንዳት ነው። ከብዙ ጭነት መካከል የምወደው የሃርኒን ድርቆሽ ነው፤ ከዚያ እየጫንኩ ወደ ባሕሩ ዳር፣ የወተት ላም ወደሚያረቡ ገበሬዎች አወርዳለሁ። የሃይማኖት ጥያቄ በቤተ መቅደስ ብቻ የሚነሣ የሚመስለው ሰው ረጅም መንገድ ብቻውን ነድቶ አያውቅም።

ሃርኒ በኦሪገን ደቡብ ምሥራቅ ነው። ኦሪገን ሲባል ጥድና ዝናብ ብቻ ትዝ ለሚለን ለፖርትላንድ ሰዎች ሌላ አገር ማለት ነው። ከቤንድ ከተማ ተነሥተህ በ20 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ 210 ኪሎ ሜትር ያህል ትነዳና በርንስ ትደርሳለህ፤ በመሐል ያሉት ሰፈሮች ስማቸው ካርታ ላይ ከመሬቱ ይልቅ ጎልቶ የሚታይ ነው። ካውንቲው ከ26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ሰዉ ግን በ2020 ቆጠራ 7,500 ያህል ብቻ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከብቱ ከሰዉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በረሃ ይሉታል እንጂ ሙቀት የለመደ ሰው በረሃ አይለውም። በርንስ ከባሕር ወለል 1,260 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በጥር ናፍጣው እንዳይረጋ መድኃኒት ያልጨመረ ሹፌር ጠዋት ሞተሩን ሲለምን ይውላል፤ ውርጭ በሐምሌም ሊመታ ይችላል። ከፓስፊክ የሚነሣውን ደመና የካስኬድ ተራሮች ምዕራብ ላይ አራግፈው ያስቀሩታል። ለሃርኒ ሜዳ የሚደርሰው ትራፊው ነው፤ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ያለው ሴጅብረሽ የሚባል ግራጫ ቁጥቋጦ ነው። የዕፅዋት ሰዎች ከእኛ ከጭቁኝ ጋር የአንድ ወገን ዘር ያደርጉታል፤ ዝናብ ሲያርፍበት መስኮት ከፍተህ ብትነዳ ሽታው ራሱ ዝምድናውን ይናገራል።

ከሜዳው በስተ ደቡብ ስቲንስ የሚባል ተራራ አለ። ከምዕራብ በኩል ስትወጣው ተራራ መውጣትህ አይታወቅህም፤ ቀስ እያለ፣ ሳያስነቃ ነው የሚነሣው። ጫፉ 2,967 ሜትር ነው። እዚያ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ስታይ ግን መሬቱ ከእግርህ ሥር ተቆርጦ ከ1,600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች አልቮርድ የሚሉት ነጭ፣ የደረቀ የሐይቅ ወለል ተዘርግቷል። መንዝ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ አፋር ቆላ አሻግሮ ያየ ሰው እዚህ ቦታ አይደነግጥም፤ ቅዝቃዜው፣ ነፋሱ፣ ታች ያለው ጭጋግ ያው ነው። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን የኪሴን ስልክ አውጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩ፤ መስመር አልነበረም።

ከስቲንስ በረዶ የሚወርደው የብሊትዘን ወንዝና ከሰሜን የሚመጣው ሲልቪስ ሁለቱም ማልሁር ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የላቸውም። ይህ ሜዳ ወደ ባሕር የሚከፈት በር የለውም፤ የገባው ውኃ ወይ በፀሐይ ይነሣል፣ ወይ መሬት ይጠጣዋል። በዚህ የተነሣ ሐይቁ የተወሰነ ዳርቻ የለውም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በረዶው በዝቶ ውኃው ሞልቶ ወጥቶ የብዙ ሰው ግጦሽና ቤት ዋጠ፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ሸሽቶ ሸሽቶ ጭቃ ይቀራል። የውኃውን ዳር ድንበር ያደረገ ሰው፣ ድንበሩ በየዓመቱ ሲራመድ ያያል።

ድርቆሽ የምጭንለት አንድ ሽማግሌ አለ፤ ስሙን አልጽፍም፤ እሱም ደስ አይለውም። አያቱ ናቸው ቦታውን ያቀኑት። እሱ አሁን ሰማንያ ሊደፍን ነው። ስኩዊዝ የሚሉት የድርቆሽ ማንሻ ማሽን እየመጣ እየሄደ እያንዳንዱ ግማሽ ቶን የሚያልፈውን እስር ተሽከርካሪዬ ላይ ሲደረድር፣ እኛ ወጥ ቤቱ ገብተን ቀጭን ቡናቸውን እንጠጣለን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ካርታው ቢጫና ነጭ ነው፤ ቢጫው የፌዴራል መንግሥት መሬት፣ ነጩ የግለሰብ። በዚያ ካውንቲ ከመሬቱ ሦስት አራተኛው ገደማ የፌዴራል ነውና ቢጫው ካርታውን ሞልቶታል። ነጩ እዚህም እዚያም ቀጭን ሆኖ ይጥመለመላል። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ነጩ ለምን እንዲህ እንደ ተጥመለመለ ጠየቅኩት። ጣቱን አንሥቶ በነጩ ላይ እየሄደ፣ «ይሄ ጅረት ነው፣ ይሄ ምንጭ ነው፣ ይሄ ረግረግ ነው» አለኝ። ነጭ የሆነው ሁሉ ውኃ ያለበት ነው። ከመጀመሪያዎቹ መጤዎች ደረቁን ምድር ማንም አልገዛውም፤ ለምን ይግዙት? ውኃውን የያዘ ሰው በዙሪያው ያለውን ሣር ሁሉ ያለ ወረቀት ይዞታል፤ የሌላ ሰው ላም ሣር ብቻ በልታ አትኖርም።

የከብቱ ዓመት እንዲህ ነው የሚዞረው። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ውኃው በቦይ እየተመራ ዝቅተኛውን መስክ ያጥለቀልቃል፤ ያ መስክ በሐምሌ ይታጨዳል። ከብቱ በዚያን ጊዜ እዚያ የለም፤ ቢጫው ላይ፣ ወደ ስቲንስ ተዳፋት ወጥቶ ይግጣል። በመኸር ይወርዳል፤ በብርዱ ወራት የታጨደለትን ድርቆሽ ይበላል። ቢጫው ላይ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የወለደው በ1934 የወጣው የቴይለር የግጦሽ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያስግጥ ስለነበር ሜዳው ተግጦ ተግጦ አፈር ቀርቶ ነበር። ክፍያው የሚቆጠረው አንዲት ላም ከነጥጃዋ በአንድ ወር በምትግጠው ልክ ነው፤ ለዓመታት የነበረው ሒሳብ 1.35 ዶላር ነበር። ሕጉ ፈቃዱ የባለቤትነት መብት አይሰጥም ይላል። ባንኩ ግን ለከብት አርቢ ሲያበድር ፈቃዱን ከንብረቱ ዋጋ ጋር ደምሮ ያየዋል። መሬቱ የእርሱ አይደለም፤ በእርሱ ስም ግን ገንዘብ ያስገኛል።

«ታዲያ ቢጫው የማን ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

ሽማግሌው በመስኮት እያየ፣ «መንግሥት የእኔ ነው ይላል፤ እኔ የእኔ ነው አልልም። የፈጠረው ነው። እኛ ጠባቂዎች ነን» አለኝ። ደስ አለኝ፤ የአብነት መምህሬ ከሚሉት ጋር አንድ ነበር። ቡናዬን ሳልጨርስ ግን ቀጠለና፣ በማልሁር ሐይቅ ያለውን የፌዴራል የወፍ ማቆያ የሚያስተዳድሩት ሰዎች አንድ መስክ እንዳይጋጥ ከዘጉበት ወዲህ እንዳልተኛ ነገረኝ፤ «አያቴ የከፈቱትን ማን ይዘጋብኛል?» አለ። ፈጣሪም አያትም በአንድ ትንፋሽ። አልፈረድኩበትም። የኔ አባትም ስለ ርስታቸው ሲያወሩ እንደዚሁ ነበሩ።

አያቶቹን ካነሣን ዘንድ ወደ ኋላ እንሂድ። በ1872 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። ፕሬዚዳንት ግራንት በዚያ አካባቢ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ለአገሩ ነባር ለፓዩት ሕዝብ ከልሎ የማልሁር ሪዘርቬሽን አለው። በዚያው ዓመት ፒተር ፍሬንች የሚባል ወጣት፣ ሂዩ ግሌን ለሚባል የካሊፎርኒያ ሀብታም ተቀጥሮ፣ 1,200 ያህል ከብትና ጥቂት የሜክሲኮ ፈረሰኛ እረኞች ይዞ ብሊትዘን ሸለቆ ገባ። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሰነበተ መገመት አያቅትም።

በዚያ አገር ሰው ከዚያ በፊት ስንት ዘመን እንደ ኖረ መናገር የሚቻለው በጫማ ነው። ከሃርኒ በስተ ምዕራብ ፎርት ሮክ በሚባል ዋሻ ውስጥ ሉተር ክሬስማን የተባለ ምሁር በ1938 ከሴጅብረሽ ልጥ የተጎነጎኑ ጫማዎች አገኘ፤ ዕድሜያቸው ከ9,000 ዓመት በላይ ሆነ። ያንን ቁጥቋጦ ከጎማዬ ሥር በየቀኑ እያየሁ፣ ልጡን ልጦ ጫማ ለመሥራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ አስባለሁ። ከፓዩቶቹ አንዱ ወገን በሐይቁ ዳር የሚበቅል የጥቃቅን ፍሬ ተክል እየለቀሙ ይኖሩ ነበር፤ ስማቸውም ከዚያ ተክል የተወሰደ ነው። ከብት ሐይቁን ዳር ሲረግጠው መጀመሪያ የሚጠፋው እንዲህ ያለ ምግብ ነው። በ1878 የባኖክ ጦርነት የሚባለው ተነሣ። ከተነሡትም ካልተነሡትም ፓዩቶች የተያዙት በጥር 1879፣ በዚያ ብርድ፣ ሴቱ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ዋሽንግተን ግዛት ያካማ ተነዱ። በመንገድ የቀሩም ነበሩ። ክልሉ ተሰረዘ፤ ሣሩ ለከብት ተለቀቀ። ከዓመታት በኋላ እየተመለሱ በርንስ ዳር ለሰፈሩት በ1928 አንድ የመሬት ኩባንያ 10 ኤከር ሰጣቸው። የተሰጣቸው ቦታ የከተማው የድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ሪዘርቬሽን ተብሎ እንደገና የታወቀላቸው በ1972 ነው፤ ከመጀመሪያው ልክ መቶ ዓመት።

ፍሬንች ደግሞ አደገ። ረግረግ የሚባል መሬት በርካሽ የሚሸጥበት ሕግ ነበር፤ የዚያ ዘመን ከበርቴዎች ደረቁንም መሬት ረግረግ ነው እያሉ ያስመዘግቡ ነበር። ስለ አንዱ የሚተረት አለ፤ ጀልባ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ጋሪውን በፈረስ አስጎትቶ፣ መሬቱን በጀልባ ተሻግሬዋለሁ ብሎ ማለ ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት፣ መሐላው ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው የሚሆነው። ፍሬንች እስከ 45,000 ከብት አሰማራ። ፈረስ በብርዱ ወራት የሚገራበት ክብ ጎተራ መሰል ቤት አስገነባ፤ ወርዱ 30 ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬም ዳይመንድ ከምትባል ሰፈር አጠገብ ቆሟል። ውስጡ ገብቼ አይቻለሁ። ጣሪያውን የተሸከሙት የጁኒፐር ግንዶች እንደ በቀሉ ናቸው፤ ጉጡ አልተላገም፣ ልጡ እዚህም እዚያም አለ፤ ፈረሶቹ የተሻሹበት ወገብ ላይ ብቻ ይለሰልሳል። ሰውየው ቤት መሥራት ያውቅ ነበር። ከጎረቤት ጋር መኖር ግን አላወቀም። ትናንሽ ሰፋሪዎች እየመጡ በሕግ የተፈቀደላቸውን ቁራሽ መሬት ሲይዙ ሙግት በዛ። ከእነርሱ አንዱ፣ ኤድ ኦሊቨር፣ ወደ ቤቱ የሚያልፍበት መንገድ በፍሬንች መስክ ውስጥ ነበር፤ በታኅሣሥ 26 ቀን 1897 ፍሬንችን በጥይት ገደለው። ፍሬንች መሣሪያ አልያዘም ነበር። ጉዳዩን ያዩት ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች፣ ብዙ ጎረቤት እንዳስቀየመ ሰው ሁሉ፣ ፍሬንችን ከሞተ በኋላ ፈረዱበት፤ ገዳዩ በነፃ ወጣ።

ሦስተኛዎቹ ባስኮች ናቸው። ከስፔንና ከፈረንሳይ ድንበር ተራሮች መጥተው በስቲንስ ላይ በግ ጠበቁ፤ በብዛት መሬት አልነበራቸውም፤ ሣር ያለበትን እየተከተሉ ይሄዳሉ። ተራራው ላይ አስፐን በሚባለው ልጡ ነጭ የሆነ ዛፍ ላይ ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ ዓመቱን በቢላ ጫፍ ቀጭን አድርገው ጭረዋል። ዛፉ ሲወፍር ጭረቱም ይወፍራል፤ ያኔ ፀጉር ያህል የነበረው መስመር ዛሬ ጣት የሚያህል ጥቁር ጠባሳ ነው። በጣቴ ተከትዬ አንዱን ለማንበብ ሞክሬ ዓመቱን ብቻ ለየሁ። እረኛ ነበርኩና ያ ሰው ለምን እንደ ጻፈ አይጠፋኝም፤ ከበግ ጋር ብቻህን ስትከርም የሚያነብልህ ባይኖርም ትጽፋለህ። የቴይለር ሕግ ሲመጣ ፈቃዱ ቅድሚያ የተሰጠው የራሱ መሬት ላለው ነበር። ተዘዋዋሪው እረኛ ከተራራው ወረደ። ነጩ ያለው ቢጫውንም አገኘ፤ ነጭ የሌለው ሁለቱንም አጣ።

በጥር 2016 ይህ ሁሉ የተቀበረ ነገር አንድ ላይ ተነሣ። ሃሞንድ የሚባሉ አባትና ልጅ ከብት አርቢዎች በመንግሥት መሬት ላይ እሳት በመለኮስ ተፈርዶባቸው ወደ እስር ሊመለሱ ነበር። ለዚያ ሰልፍ ከወጣው ሕዝብ ተነጥለው፣ አሞን በንዲ የሚመራቸው የታጠቁ ሰዎች የማልሁርን የወፍ ማቆያ ቢሮዎች ያዙ፤ አብዛኞቹ ከሌላ ግዛት የመጡ ናቸው። ማቆያውን በ1908 የከለለው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው፤ ያኔ ለሴቶች ባርኔጣ ላባ ሲባል ነጫጭ ሳቢሳዎች ሊያልቁ ደርሰው ነበር። ያዦቹ 41 ቀን ቆዩ። ከመካከላቸው ላቮይ ፊኒከም የተባለው በ395 ቁጥር መንገድ ላይ በፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ። በንዲ ደጋግሞ የሚናገረው፣ ጸልዮ፣ እግዚአብሔር እንዳመለከተውና የመጣውም በዚያ እንደሆነ ነበር።

ያን ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የሌላ ነገር ወሬ አልነበረም። አንድ ወንድም ቡናውን እየጠጣ፣ «ልክ ናቸው፤ መሬት የእግዚአብሔር ከሆነች መንግሥት ምን አገባው?» አለ። ድፎ የሚቆርሱ አንዲት እናት ቀና ሳይሉ፣ «የእግዚአብሔር ከሆነ ጠመንጃው ለምኑ ነው የኔ ልጅ?» አሉት። ሁሉም ሳቀ፤ ነገሩ እዚያ አለቀ። ለእኔ ግን የተጀመረው እዚያ ነው።

ምክንያቱም ወንድማችን የጠቀሰው ትምህርት እውነት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ላይ አምላክ ለእስራኤል መሬት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ ሲያዝ፣ ምክንያቱን ሲሰጥ ባለመሬቱ እርሱ፣ እነርሱ ግን በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደሆኑ ነው የሚነግራቸው። በልጅነቴ ይህን ስሰማ የማጽናኛ ቃል ይመስለኝ ነበር። ሃርኒን ካየሁ ወዲህ ግን ቃሉ ለማን እንደ ተነገረ መጠየቅ ጀመርኩ። የተነገረው ለያዘው ነው። መሬቱን ሊረከብ ላለው፣ አጥር ለሚያጥረው፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላ ለቀድሞው ሰው መልስ ለሚባለው። በወሳጅ እጅ ያለ መክሰሻ ሆኖ አልተሰጠም።

አብርሃምን እዩ። ምድሪቱ የተስፋ ቃል የተገባለት እርሱ ነው፤ በዕድሜም በማዕርግም ታላቅ ነው። የእርሱና የሎጥ እረኞች በግጦሽ ሲጣሉ፣ ምረጥ፣ አንተ ቀኝ ብትል እኔ ግራ እሄዳለሁ ያለው ግን ታላቁ ነው። ይስሐቅም የቆፈረውን ጉድጓድ ሁለቴ ለተከራካሪ ትቶ ሄደ። ናቡቴ ግን እምቢ አለ፤ የወይን ቦታዬን ለንጉሥ አክዓብ አልሸጥም አለ። ይህ የአብርሃም ተቃራኒ ይመስላል፤ አይደለም። ናቡቴ የኔ ነው ብሎ አይደለም የከለከለው፤ የአባቶቼ ርስት ነው፣ የምሸጠው የራሴ ነገር አይደለም ብሎ ነው። እንግዲህ የንጉሡ ሚስት ኤልዛቤል ወይኑን ለአክዓብ ስትወስድለት ያደረገችውን ተመልከቱ፤ ጦር አላዘመተችም። ጾም አወጀች። ናቡቴንም አምላክን ሰድቧል አስብላ በሐሰት ምስክር አስወገረችው። የሰው መሬት የተነጠቀው በጾምና በአምላክ ክብር ስም ነው።

ስለዚህ የኔ ሚዛን ይህ ነው፤ መሬቱ የአምላክ ነው የሚል ሰው በዚያ ቃል የሚያጣው ነገር ካለ እሰማዋለሁ። የሚያገኘው ነገር ካለ፣ ኪሱን አያለሁ። በንዲ በዚያ ቃል ያጣው ነገር አልነበረም፤ መሬቱ ቀድሞም የእርሱ አልነበረምና። በጀልባ ተሻግሬዋለሁ ብሎ የማለውም ከበርቴ በመሐላው ያጣው የለም።

አንድ የሥነ መለኮት ተማሪ ጓደኛዬ፣ «ታዲያ ምንም የሌለው ድሃ፣ የተነጠቀውስ? እርሱ የአምላክ ነው ብሎ ቢጮህ ኪሱን ልታይ ነው?» ብሎ ሞገተኝ። ጥሩ ሙግት ነው። መልሴን ያገኘሁት ከፓዩቶቹ ነው። በዚያ ጥር የበርንስ ፓዩት ጎሣ ሊቀ መንበር ሻርሎት ሮድሪክ ታጣቂዎቹ እንዲወጡ ሲጠይቁ ስለ አምላክ ፈቃድ ክርክር አልገጠሙም፤ ምድሩ የአባቶቻችን ነው፣ አጽማቸውም እዚህ ነው የሚል ነበር ነገራቸው። የተነጠቀ ሰው ረቂቅ ትምህርት አያስፈልገውም፤ የናቡቴ ቃል ይበቃዋል። ጓደኛዬ አልተስማማም፤ እስካሁንም እንከራከራለን፤ እሱ ድሃ የሚጮኸው ጩኸት ሁሉ ጸሎት ነው ይላል። ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ይህን ሚዛን የሰጠኝ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ጓሳ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ የሣር ምድር። ቄሮ በሚባለው የድሮ ሥርዓት የጓሳው ሣር ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። ቤተ ክርስቲያንም እጇ ነበረበት፤ የተዘጋው በውግዘት ጭምር ነው። አንድ ሰው ይህም ያው በአምላክ ስም ሰውን መከልከል ነው ሊል ይችላል። አዎን፣ ከሁለቱ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም፤ ያን አላስጌጥም። ግን ውግዘቱ መጀመሪያ የሚይዘው ራሱን ባለ ድርሻውን ነበር። በሬው ከስቶ፣ የቤቱ ክዳን አፍስሶ፣ ሣሩ እዚያ ማዶ እየታየው የሚጠብቀው ራሱ ባለርስቱ ነው። ሥርዓቱ በ1975 ከመሬት አዋጁ ጋር ቀረ፤ መሬቱ የመንግሥት ሲሆን ሁሉም ገባበት። ቆይቶ ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ መልሶ ጠባቂ አቆመለት፤ ዛሬ ጓሳ ሣር አለው።

ሃርኒ አሁን የደረሰው ጓሳ ሁሉም ሲገባበት የነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ በሣር ሳይሆን በውኃ። ባለፉት አሥርት ዓመታት በሜዳው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ፣ ክብ እየሠራ በሚዞር ረጅም የመርጫ ቧንቧ አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ ይለማል። ከአውሮፕላን የሚታዩት አረንጓዴ ክቦች እነዚያ ናቸው። በ2022 የታተመው የፌዴራሉ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ጥናት በዝቅተኛው ሜዳ ከሥር የሚወጣው ውኃ ከሚተካው በእጅጉ እንደሚበልጥ አሳየ፤ ከሚወጣው ውኃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ከመሬት በታች የቆየም አለበት። የቤት ጉድጓዳቸው የደረቀባቸው ሰዎች አሉ። መውጫ የሌለው ሜዳ ነው ብያለሁ፤ ለውኃ አዲስ መውጫ ያበጀለት ድርቆሽ ነው። እኔ ደግሞ ያን ድርቆሽ ጫኝ ነኝ። ሸራዬን ወጥሬ፣ ማሰሪያዬን አጥብቄ፣ ያን አሮጌ ውኃ አድርቄ ወደ ባሕሩ ዳር እወስደዋለሁ፤ ዝናብ ሰውን ወደሚያማርርበት አገር።

ሽማግሌው የሚሸጥልኝ የመስክ ድርቆሽ ነው፤ በበረዶ ውኃ የበቀለ። ክሬን ወደምትባለው ሰፈር በኩል ያሉት ጎረቤቶቹ ግን ባለ ክብ ናቸው፤ የእሱ የቤት ጉድጓድ ወደ ታች ተጨምሮ ተቆፍሯል። ባለፈው ስንገናኝ ተናድዶ ነበር። «ጎረቤቴ ውኃው የፈጠረው ነው ይለኛል» አለ።

«እርስዎም ስለ ቢጫው እንደዚያ ብለውኝ ነበር» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «እሺ ዲያቆን። ግዛቱ ፓምፑን ሊቀንስ ስብሰባ እየጠራ ነው። አንተስ? አልፋልፋው ቢቀንስ ምን ትጭናለህ?»

አስቤ ነበር፤ ከሃርኒ ከምጭነው ከግማሽ የሚበልጠው የክቦቹ አልፋልፋ ነው። «ይቀርብኛል» አልኩት።

«ስብሰባው ላይ ተነሥተህ እንዲህ ትላለህ?»

ያን ቀን መንገድ ላይ ነኝ አልኩት፤ እውነቴን ነው። «በጽሑፍም ይቀበላሉ» አለኝና አድራሻውን በክብደት ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ። ጽፌ ላክሁ። ጭነት ለሚመድብልኝ ዲስፓቸር ገና አልነገርኩትም።